ከፋይ ሌላ፣ አንባቢ ሌላ፤ ልጆች ድምፅ የሚሰጡበት የመጽሐፍ ገበያ

አንድ አባት ለልጁ ጫማ ሊገዛ ሲወጣ ልጁን ይዞ ነው የሚወጣው። ጫማው ይጠለቃል። ልጁ ከባለሱቁ ፊት ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመዳል። ከጠበበው «ጠበበኝ»፣ ከሰፋው «ሰፋኝ» ይላል። ባለሱቁም ሌላ ቁጥር ያወርዳል። ገንዘቡን የሚከፍለው አባት ቢሆንም ፍርዱን የሚሰጠው የልጁ እግር ነው።

መጽሐፍ ሲገዛ ግን ነገሩ ይለያል። መራጩም ከፋዩም ትልቅ ሰው ነው። መጽሐፉ ልጁን ቢጠበውም ቢሰፋውም ወደ ሱቅ አይመለስም፤ አልጋ ሥር ይገባል። ይህንን ደራሲውም፣ አሳታሚውም፣ ቸርቻሪውም አይሰሙም። በሂሳብ መዝገባቸው ላይ የሚታየው አንድ ኮፒ መሸጡ ብቻ ነው።

የኢኮኖሚክስ ሰዎች ገበያ የሚሠራው በመልእክት ነው ይላሉ። ሸማቹ የወደደውን ደግሞ ይገዛል፣ የጠላውን ይተዋል፤ አምራቹም ያንን አይቶ ምርቱን ያስተካክላል። ይህ መልእክት ሳይዛባ የሚደርሰው ግን ከፋዩና ተጠቃሚው አንድ ሰው ሲሆኑ ነው። በልጆች መጽሐፍ ገበያ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በመሆኑም አሳታሚው የሚያመርተው ልጁ የሚወደውን ሳይሆን አባት፣ እናት፣ አስተማሪና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ «ልጁ ሊወደው ይገባል» ብለው የሚያስቡትን ይሆናል።

ችግሩ ከንግዱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ጆን ኒውበሪ የተባሉት የለንደን መጽሐፍ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1744 «ኤ ሊትል ፕሪቲ ፖኬት ቡክ» የተሰኘችውን ትንሽ የልጆች መጽሐፍ ለገበያ ሲያቀርቡ ዋጋዋ 6 ፔንስ ነበር። ሁለት ፔንስ ለጨመረ ደግሞ ለወንድ ልጅ ኳስ፣ ለሴት ልጅ የመርፌ መሰኪያ ትራስ ይመረቅለታል። ነጋዴው መጽሐፉን ለወላጅ፣ ኳሱን ለልጅ ሸጡ ማለት ነው። ሁለት ደንበኛ እንዳላቸው ገብቷቸው ነበር።

የሲያትሉ ነጋዴ ሐሳብ

ከዚያ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ለዚሁ ችግር ሌላ ዘዴ ያመጡትም መጽሐፍ ነጋዴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ታዋቂ የነበሩት መጽሐፍ ሻጭ ሃሪ ሃርትማን፣ ተማሪዎች የወደዱትን መጽሐፍ ራሳቸው በድምፅ የሚመርጡበት ሽልማት እንዲቋቋም አደረጉ። ሐሳባቸው እያንዳንዱ ተማሪ ደስታ የሚሰጠውን መጽሐፍ የመምረጥ ዕድል ሊኖረው ይገባል የሚል ነበር። «የወጣት አንባቢያን ምርጫ» የተባለውን ይህን ሽልማት የሚያስተዳድረው የፓሲፊክ ሰሜን ምዕራብ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ነው። በአሜሪካና በካናዳ ልጆች ከሚመርጧቸው የመጽሐፍ ሽልማቶች ሁሉ በዕድሜ አንጋፋው ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ለልጆች መጽሐፍ ሽልማት አልነበረም ማለት አይደለም። በለንደኑ ነጋዴ ስም የተሰየመው የኒውበሪ ሜዳልያ ከ1922 ጀምሮ ይሰጥ ነበር። ነገር ግን የኒውበሪ ዳኞች የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ማለትም ትልልቅ ሰዎች ናቸው። የሃርትማን ሐሳብ ዳኝነቱን ከገዢው አንስቶ ለተጠቃሚው ሰጠ። አገሪቱ ከታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በማገገም ላይ በነበረችበት በዚያ ዓመት፣ የልጆቹን የመጀመሪያ ድምፅ ያገኘው ዴል ማኮርሚክ ስለ ግዙፉ እንጨት ቆራጭ ስለ ፖል ባንያን የጻፉት የአፈ ታሪክ መጽሐፍ ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የሚስተር ፖፐርን ፔንግዊኖች የሚተርከው የሪቻርድና የፍሎረንስ አትዋተር መጽሐፍ አሸነፈ።

አሸናፊው ደራሲ የሚያገኘው ጠቀም ያለ ገንዘብ አይደለም። ከአይዳሆና ከሞንታና ማዕድን በወጣ ብር የተሠራ ሜዳልያ ነው። የገንዘቡ ጉዳይ በሌላ በር ይመጣል።

የድምፁ ዋጋ ንባብ ነው

አሠራሩ ቀላል ነው። ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ ከ4ኛ እስከ 6ኛ፣ ከ7ኛ እስከ 9ኛ፣ ከ10ኛ እስከ 12ኛ። ለየምድቡ የዕጩዎች ዝርዝር ይወጣል። መጽሐፍ መጠቆም ለልጆች፣ ለአስተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ክፍት ነው። ተማሪው ድምፅ ለመስጠት በምድቡ ካሉት ዕጩዎች ቢያንስ ሁለቱን ማንበብ ወይም ሲነበቡ መስማት አለበት። ምርጫው በፀደይ ወራት ይካሄድና ውጤቱ ይነገራል።

በገበያ ዓይን ሲታዩ ሁለት ደንቦች ትኩረት ይስባሉ።

አንደኛው «ሁለት ሳታነብ አትመርጥም» የሚለው ነው። ልጅ ኪሱ ባዶ ነው፤ በገንዘብ ገበያ ውስጥ ድምፅ የለውም። ጊዜ ግን አለው። ሽልማቱ ልጁ በሌለው ገንዘብ ፋንታ ባለው ጊዜ እንዲከፍል አደረገ። ሁለት መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ደግሞ ማወዳደር ይችላል። አንድ ብቻ ያነበበ ልጅ የሚሰጠው ድምፅ ምስጋና ነው፤ ሁለት ያነበበው የሚሰጠው ግን ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ደንብ ዕጩዎቹ ከታተሙ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናቸው መጻሕፍት እንዲሆኑ የሚለው ነው። ይህ ለነጋዴ መጀመሪያ እንግዳ ይመስላል። አዲስ ዕቃ እያለ ስለምን የቆየ? ነገር ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ይሆናል። የማስታወቂያው ጩኸት ይበርዳል፤ ውድ የሆነው ደረቅ ሽፋን ኮፒም በአብዛኛው ርካሽ በሆነው ስስ ሽፋን ይተካል። በአንድ ደረቅ ሽፋን ዋጋ ሁለትና ከዚያ በላይ ስስ ሽፋን መግዛት ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ለአሳታሚውም ጥቅሙ ቀላል አይደለም። አብዛኛው መጽሐፍ የሚሸጠው በወጣበት ሰሞን ነው፤ ከዚያ መጋዘን ይገባል። በሦስተኛው ዓመት በልጆች የዕጩዎች ዝርዝር ላይ የወጣ መጽሐፍ ግን ሞተ ሲባል ይነሣል። የደራሲው ቅድሚያ ክፍያ ተከፍሏል፣ አርትዖቱ ተሠርቷል፣ ሥዕሉ ተስሏል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም የሚወጣው ወጪ የወረቀት፣ የኅትመትና የማጓጓዣ ነው። ስለዚህ አሳታሚ ከነባር መጽሐፍ የሚያገኘው ትርፍ ከአዲሱ የበለጠ አስተማማኝ ይሆናል።

የያኪማ ልጆች ጥያቄ

የልጆች ፍላጎት ሳይሰማ ሲቀር ምን እንደሚታጣ፣ ሲሰማ ደግሞ ምን እንደሚገኝ በዚያው በዋሽንግተን ግዛት የታየ ምሳሌ አለ። ቤቨርሊ ክሊሪ በ1930ዎቹ መጨረሻ ያኪማ በተባለችው ከተማ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚመጡ ወንዶች ልጆች እንደ እነርሱ ያሉ ተራ ልጆች የሚገኙበት መጽሐፍ የት እንዳለ ጠየቋቸው። ወይዘሮ ክሊሪ መደርደሪያውን ቢያዩ ሊሰጧቸው የሚችሉት እምብዛም አልነበረም። ፍላጎት አለ፣ አቅርቦት የለም። በ1950 ሄንሪ ሃጊንስ ስለተባለ ተራ የሰፈር ልጅ የሚተርከውን የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን አሳተሙ።

ልጆቹ ውለታውን አልረሱም። በ1957 ስለ ሄንሪና ስለ ውሻው ስለ ሪብሲ የሚናገረው መጽሐፍ የሰሜን ምዕራብ ተማሪዎችን ሽልማት አገኘ። በ1960 ስለ ሄንሪ የጋዜጣ ማደል ሥራ የሚተርከው ተከተለ። በ1968 ሞተር ብስክሌት የሚነዳው አይጥ፣ በ1971 ደግሞ ራሞና አሸነፈች። ትልልቆቹ ዳኞች ዋናውን የኒውበሪ ሜዳልያ ለክሊሪ የሰጡት በ1984 ነው፤ ከልጆቹ የመጀመሪያ ድምፅ 27 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ደራሲዋ በ2021 በ104 ዓመታቸው ሲያርፉ መጽሐፎቻቸው ከገበያ አልወጡም ነበር።

ከዝርዝሩ ጀርባ ያለው ግዢ

የሲያትሉ ምሳሌ በሌሎች ግዛቶችም ተስፋፍቷል። ካንሳስ በ1952፣ ቨርሞንት በ1957 የየራሳቸውን ጀመሩ። በገበያ በኩል ከፍ ያለ ስም ካላቸው አንዱ በ1979 የተቋቋመው የቴክሳስ ብሉቦኔት ሽልማት ነው። የግዛቱ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በየዓመቱ 20 መጽሐፍ ያቀርባል፤ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ቢያንስ አምስቱን ያነበበ ወይም ሲነበቡለት የሰማ እንደሆነ በጥር ወር ድምፅ ይሰጣል። የመጀመሪያው ሽልማት በ1981 ሲሰጥ ያሸነፈችው አሁንም ክሊሪ የፈጠሯት ራሞና ነበረች።

ቴክሳስ ከ5 ሚሊዮን በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎችና ከ1 ሺህ በላይ የትምህርት ወረዳዎች ያሉባት ግዛት ናት። እዚህ ላይ የጣት ሂሳብ መሥራት ይቻላል። እያንዳንዱ ወረዳ ከ20ዎቹ መጻሕፍት አምስት አምስት ኮፒ ብቻ ይግዛ ቢባል ለአንድ መጽሐፍ 5 ሺህ፣ ለጠቅላላው ዝርዝር 100 ሺህ ኮፒ ይሆናል። ይህ ለምሳሌ የተወሰደ አኃዝ ነው፤ አንድ ትልቅ ወረዳ በውስጡ በርካታ ትምህርት ቤቶች ስላሉት አምስት ኮፒ አይበቃውም። ስለዚህ ለአሳታሚና ለጅምላ አከፋፋይ ትልቁ ዜና አሸናፊው የሚታወቅበት ቀን አይደለም፤ ዝርዝሩ የሚወጣበት ቀን ነው። አሸናፊው አንድ ነው። ሸጦ የሚያድረው ግን በዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ነው።

አስራ ሁለት እምቢታና አንድ እሺታ

የትልልቆቹ ግምትና የልጆቹ ፍላጎት ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ያሳየው የዘመኑ ትልቁ የመጽሐፍ ንግድ የጀመረው በእንግሊዝ ነው። የጄ. ኬ. ሮውሊንግ የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር ጽሑፍ አንድ ደርዘን ያህል አሳታሚዎች መልሰውታል። ብሉምስበሪ የተባለው አሳታሚ ዘንድ ሲደርስ የድርጅቱ ኃላፊ ናይጄል ኒውተን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለ8 ዓመት ልጃቸው ሰጧት። ልጅቷ አንብባ ስትጨርስ ቀሪውን አምጡ አለች። በገንዘብ በኩል የተያዘው ተስፋ ግን ያን ያህል አልነበረም። በሰኔ 1997 በደረቅ ሽፋን የታተመው የመጀመሪያ ዙር 500 ኮፒ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም አብዛኛው የሄደው ወደ ቤተ መጻሕፍት ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ መጽሐፉ የኔስሌ ስማርቲስን የወርቅ ሽልማት ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች በተመደበው ዘርፍ አሸነፈ። ይህ በቸኮሌት አምራቹ ድርጅት ገንዘብ ይካሄድ የነበረው ሽልማት ትልልቅ ዳኞች ዕጩዎቹን ለይተው የመጨረሻውን ደረጃ የብሪታንያ ተማሪዎች በድምፅ የሚወስኑበት ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍም በ1998ና በ1999 ደገሙት። ከዚያ በኋላ ሌሎች መጻሕፍት ፍትሐዊ ዕድል እንዲያገኙ በማለት ደራሲዋ አራተኛውን ከውድድሩ አወጡ። አንድ አቅራቢ ገበያውን ጠቅልሎ ሲይዝ በራሱ ፈቃድ ገለል ማለቱ በንግድ ዓለም ዘወትር የሚታይ ነገር አይደለም።

የስማርቲስ ሽልማት ፍጻሜም ትምህርት አለው። በ1985 የተጀመረው ይህ ሽልማት በ2007 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። ቤተ መጻሕፍት የያዘው የሲያትሉ ሽልማት ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ተሻግሮ እስከ 21ኛው ምዕተ ዓመት ዘልቋል።

ዝርዝሩን የጻፈው ማን ነው?

አሠራሩን የሚተቹ አሉ። ልጅ የሚመርጠው የሚያስቀውንና ጓደኛው የመረጠውን ነው፤ ጥበብ ያለው መጽሐፍ ይቀራል፤ ታዋቂ ደራሲ ታዋቂነቱን ይዞ ያሸንፋል ይላሉ። ትችቱ እውነትነት አለው። በአንጻሩ በትልልቆቹ ዳኝነት ላይም ጥያቄ ተነሥቷል። የልጆች መጽሐፍ ተቺዋ አኒታ ሲልቪ በ2008 «ስኩል ላይብረሪ ጆርናል» በተባለው መጽሔት ላይ ኒውበሪ መንገዱን ስቶ እንደሆነ ጠይቀው፣ የሚሸለሙት መጻሕፍት ልጆችን የማይስቡ ሆነዋል የሚል ክርክር አስነሥተው ነበር።

የበለጠ ሥር ያለው ጥያቄ ግን የድምፁ አይደለም፤ የዝርዝሩ ነው። ልጅ የሚመርጠው ከቀረበለት ነው። በቴክሳስ 20ዎቹን የሚለዩት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ናቸው። ከዝርዝሩ በፊት ደግሞ መደርደሪያ አለ፤ መደርደሪያው ላይ የሌለ መጽሐፍ አይነበብም፣ ያልተነበበም አይመረጥም። ስለዚህ የልጁ ድምፅ ነፃ የሚሆነው የትልቁ ሰው ግዢ በፈቀደለት መጠን ነው።

በቴክሳስ ይኸው የግዢ ጉዳይ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2023 የወጣው የግዛቱ ሕግ ለትምህርት ቤት የሚሸጡ ነጋዴዎች መጻሕፍቱን በጾታ ነክ ይዘታቸው መዝነው ደረጃ እንዲያወጡ ያስገድድ ነበር። በኦስቲንና በሂዩስተን ያሉ የግል መጽሐፍ ሻጮች ከአሳታሚዎችና ከደራሲዎች ማኅበራት ጋር ሆነው ከሰሱ፤ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም በጥር 2024 ደረጃ የማውጣቱ ግዴታ እንደታገደ እንዲቆይ ወሰነ። በ2025 ደግሞ ትምህርት ቤቶች ለቤተ መጻሕፍታቸው በሚገዟቸው መጻሕፍት ላይ ለየወረዳው የትምህርት ቦርድና ለወላጆች ተጨማሪ ሥልጣን የሚሰጥ ሌላ ሕግ ወጣ። የሕጉ ደጋፊዎች የወላጅ መብት ነው ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ መደርደሪያው ይራቆታል ይላሉ። በገበያ ቋንቋ ሲነገር ክርክሩ ያው የጥንቱ ነው፤ ለልጅ የሚገዛው ማን ነው? ከገዢዎቹስ መካከል የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

የሲያትል አበሾችና የጎደለው መደርደሪያ

የሃርትማን ከተማ ሲያትል ዛሬ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ናት። በቼሪ ጎዳና የእንጀራና የወጥ ሽታ ያውዳል። በዚያ የሚያድጉ የአበሻ ልጆች ትምህርት ቤታቸው በሽልማቱ ከተሳተፈ እንደ ማንኛውም ተማሪ ድምፅ መስጠት ይችላሉ። ድምፃቸው ግን የሚያርፈው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ነው።

የያኪማ ልጆች ያነሡት ዓይነት ጥያቄ በአማርኛም ተነሥቶ ያውቃል። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ በብዙ ቋንቋ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ቢያገኙም የአማርኛ አላገኙም። እንደ ክሊሪ ሁሉ እርሳቸውም ጉድለቱን በብዕር ሊሞሉ ተነሡ። በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በማግስቱ ዓመት በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ከእርሳቸው ጋር «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት ካቋቋሙት መካከል በልጅነታቸው ማጂ ያደጉት አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ይገኙበታል። ደራሲዋ ኋላ ደግሞ መቀመጫውን ሲያትል አካባቢ ካደረገው «ኦፕን ኸርትስ ቢግ ድሪምስ» ጋር ሆነው በአማርኛና እንግሊዝኛ፣ እንዲሁም በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥንድ የሆኑ የልጆች መጻሕፍት ማሳተም ጀምረዋል።

እነዚህን መጻሕፍት በብዛት የሚገዛቸው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ልጄ ቋንቋዬን ሳያውቅ እንዳያድግ የሚል ወላጅ፣ አለዚያም ልጆቹን የሚያስብ ለጋሽ ነው። ሁለቱም የሚገዙት በቀና ልብ ነው። ቀና ልብ ግን የገበያ ጥናት አይሆንም። ልጁ ገጹን ሲገልጥ መሳቁን፣ ማዛጋቱን፣ ወይም በእንግሊዝኛው በኩል ብቻ አንብቦ መዝጋቱን የሚመዘግብ መደብ የለም። ደራሲውና አሳታሚው ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲያዘጋጁ የሚመሩት በገዢው ምስጋና እንጂ በአንባቢው ፍርድ አይደለም።

የሃርትማን ዘዴ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጥቂት ርዕሶች፣ የእያንዳንዳቸው በቂ ኮፒ፣ «ሁለት ሳታነብ አትመርጥም» የሚል ደንብ፣ አንድ ሣጥንና ቁራጭ ወረቀት ይበቃዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወጪ ያለው ኮፒው ነው። ሣጥኑማ ባዶ የጫማ ካርቶን ሊሆን ይችላል። ጫማው ሲገዛ የልጁ እግር ተጠይቆ ነበር፤ ካርቶኑ ደግሞ ስለ መጽሐፉ ልጁን ይጠይቅበታል።